ጀማሪው ብቻውን በሚሆንበት ሰዓት



ክራር ለመማር የመጣ ጀማሪ በሳምንት 1 ሰዓት ከመምህሩ ጋር ይቆያል፤ የቀሩትን ቀናት ከመሣሪያው ጋር ብቻውን ነው። ስለዚህ የመምህሩ ሥራ የሚመዘነው ተማሪው ቤቱ ገብቶ በሚያደርገው ነው።

እንግዲህ ከዜማ አስቀድመን ማሠልጠን የሚገባን ጆሮን ነው። ባለ 6 አውታር ክራር በተለምዶ በ5 ድምፆች ይቃኛል፤ የተረፈው አውታር ከአምስቱ የአንዱ ኦክታቭ ነው። ተማሪው ይህን ዝምድና ለይቶ ትዝታን በጆሮው መቃኘት ከቻለ፣ ስሕተቱን ራሱ ያርማል። ካልቻለ ግን ሳምንቱን ሙሉ በተዛባ ቅኝት ይደጋግማል፤ ድግግሞሽም ትክክሉን እንደሚያጸና ሁሉ ስሕተትንም ያጸናል።

ልምምዱ አጭርና የዘወትር ይሁን። ቅዳሜ 3 ሰዓት ሙሉ ከመቀመጥ በየማታው 20 ደቂቃ ይበልጣል፤ መጀመሪያ ቅኝት፣ ቀጥሎ ያስቸገረው የዜማ ክፍል በዝግታ፣ በመጨረሻም የሚወደው ዜማ። ይህ የመጨረሻው እንዳይዘለል አደራ እላለሁ፤ ደስታ የሌለው ልምምድ አይዘልቅምና።

በመጪው የትምህርት ዘመን እያንዳንዳችን የመጀመሪያውን ሰዓት ለቅኝት እንድንሰጥ በትሕትና አሳስባለሁ።