ስለ ጌቲስበርግ ጦር ሜዳ አስጐብኚዎችና ስለ ዓመታዊ ጉባኤያቸው የተነገረ ንግግር



ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከዋሽንግተን ከተማ ወደ ሰሜን 80 ማይል ያህል የተጓዘ ሰው በፔንሲልቫንያ ክፍለ ሀገር ጌቲስበርግ ከምትባል ትንሽ ከተማ ይደርሳል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1863 ዓ.ም. የከተማይቱ ሕዝብ ከ2,400 እምብዛም አይበልጥም ነበር። በዚያ ዓመት ከጁላይ 1 እስከ ጁላይ 3 ቀን በጄኔራል ሚድ የሚመራው የአንድነቱ መንግሥት ሠራዊትና በጄኔራል ሊ የሚመራው ከአንድነቱ የተገነጠሉት የደቡብ አገሮች ሠራዊት በዚህ ስፍራ ተገናኝተው ሦስት ቀን ተዋጉ። ከሁለቱም ወገን የሞተው፣ የቆሰለው፣ የተማረከውና የጠፋው ሲቈጠር 51,000 ያህል ሆነ። ከከተማው ነዋሪዎች በውጊያው መካከል በጥይት ተመትታ የሞተች ግን አንዲት ብቻ ናት፤ እርስዋም የ20 ዓመት ወጣት ጄኒ ዌድ ስትሆን፣ ለዳቦ የሚሆን ሊጥ በማቡካት ላይ ሳለች ጥይት መዝጊያውን በስቶ ገደላት።

ሠራዊቱ ከሄደ በኋላ የልጁን ወይም የወንድሙን ሬሳ የሚፈልግ ሰው ከሩቅ አገር ይመጣ ነበር። የአገሩ ገበሬ ሜዳውን ያውቃልና መንገድ እየመራ ያሳየው ነበር። የጦር ሜዳ አስጐብኚነት ሥራ የተወለደው እንዲህ ባለው ኀዘን ውስጥ ነው። ዳሩ ግን ዘመን እያለፈ ሲሄድ፣ ኀዘንተኛው እየጠፋ ተመልካች እየበዛ መጣ፤ ባቡርና አውቶሞቢልም ብዙ ሰው ያመላልስ ጀመር። በ1913 ዓ.ም. የ50ኛው ዓመት በዓል ሲከበር ከሁለቱም ወገን ከ50,000 የሚበልጡ ሽማግሌ ወታደሮች በዚያው ሜዳ ተሰበሰቡ። ተመልካች በበዛበት ስፍራ ደግሞ ገንዘብ አለ፤ ስለዚህ ሜዳውን ሳያውቅ ዐዋቂ መስሎ መንገደኛውን የሚያታልል፣ ዋጋውንም እንደ ልቡ የሚቈርጥ ሰው በየመንገዱ ቆመ።

ከዚህ የተነሣ በ1915 ዓ.ም. ሜዳውን ያስተዳድር የነበረው የጦር ሚኒስቴር ሥርዐት አወጣ። ይኸውም ፈተና ተፈትኖ ያላለፈና የፈቃድ ወረቀት ያልተቀበለ ማንም ሰው ዋጋ እየተቀበለ በዚያ ሜዳ እንዳያስጐበኝ ነው። በ1933 ዓ.ም. አስተዳደሩ ወደ ብሔራዊ ፓርኮች መሥሪያ ቤት ሲዛወር ሥርዐቱ አብሮ ተዛወረ፤ እስከ ዛሬም ጸንቶ ይኖራል። አስጐብኚዎቹም የራሳቸውን ማኅበር አቁመዋል፤ ቍጥራቸው ከመቶ ይበልጣል። የመንግሥት ደመወዝ የላቸውም፤ የሚኖሩት እንግዳው በሚከፍላቸው ዋጋ ነው። ልዩ ልማዳቸውም አስጐብኚው በእንግዳው መኪና ገብቶ መሪውን ራሱ ይዞ እየነዳ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ሜዳውን እያዞረ ማስረዳቱ ነው።

ፈተናው ቀላል አይደለም። አስቀድሞ የጽሑፍ ፈተና አለ፤ በዚህ ብዙ ሰው ይወድቃል። የጽሑፉን ፈተና ያለፈው ደግሞ በሜዳው ላይ በፈታኞች ፊት እንደ እውነተኛ አስጐብኚ ሆኖ ማስረዳት አለበት። በፓርኩ ውስጥ ከ1,300 የሚበልጡ ሐውልቶችና የምልክት ድንጋዮች ስለ ቆሙ፣ ስማቸውን ማጥናት ብቻ እንኳ ብዙ ዘመን ይወስዳል። ሆኖም ከማጥናት የሚከብድ ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም ደስ የሚያሰኝ ሐሰት በአፍ ላይ ሲመጣ መተው ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ በፈረስ ላይ የተቀመጠ የጄኔራል ሐውልት ሲሠራ ፈረሱ አንድ እግሩን ያነሣ እንደ ሆነ ጄኔራሉ በዚህ ውጊያ ቆስሏል፣ ሁለቱን ያነሣ እንደ ሆነ ሞቷል እየተባለ ይወራል። እንግዳው ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ ለልጆቹም ይነግራል። ነገር ግን በ1998 ዓ.ም. የቆመው የጄኔራል ሎንግስትሪት ሐውልት ፈረሱ አንድ እግሩን አንሥቶ ይታያል፤ ሎንግስትሪት ግን በጌቲስበርግ አልቆሰለም። እንዲሁም ውጊያው የተነሣው የደቡብ ወታደሮች በከተማው ውስጥ ተከማችቷል የተባለ ጫማ ፍለጋ በመጡ ጊዜ ነው ይባላል፤ እንዲህ ያለ የጫማ ግምጃ ቤት ግን በከተማው አልነበረም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው የፎቶግራፉ ነገር ነው። ዴቭልስ ዴን በሚባለው በትላልቅ ድንጋዮች መካከል፣ ጠመንጃው በአጠገቡ ተደግፎ የወደቀ የአንድ የደቡብ ወታደር ሬሳ የሚታይበት ሥዕል አለ። ያነሡት የአሌክሳንደር ጋርድነር ሰዎች ነበሩ። ይህ ወታደር በድንጋዩ ከለላ ተደብቆ ሲተኩስ የሞተ ነው ተብሎ መቶ ዓመት ያህል ተነገረ። በ1975 ዓ.ም. ግን ዊልያም ፍራሳኒቶ የሚባል ጸሐፊ፣ በዚያው ቀን የተነሡትን ሌሎች ሥዕሎች እያስተያየ መርምሮ፣ ያው ሬሳ 40 ያርድ ያህል ርቆ ከወደቀበት ተነሥቶ ወደ ድንጋዩ እንደ ተወሰደ በመጽሐፍ አስረዳ። ስሙ የማይታወቅ ወታደር ከሞተ በኋላ ለሥዕል ማማር ተጐተተ ማለት ነው። ዛሬ አስጐብኚው በዚያ ድንጋይ አጠገብ ሲቆም የፊተኛውን ተረት ብቻ ቢናገር እንግዳው አይቃወመውም፤ እንዲያውም እጅግ ይወደው ይሆናል።

ተረት የሚባለው የተጨመረው ብቻ አይደለም፤ የተተወም አለ። የጄኔራል ሊ ሠራዊት ወደ ፔንሲልቫንያ በገባ ጊዜ ነፃ የነበሩትን ጥቁሮች እየያዘ ለባርነት ወደ ደቡብ ይነዳ ነበር። ስለዚህ በጌቲስበርግ የነበሩት ጥቁሮች ብዙዎቹ ቤታቸውን ትተው ሸሹ። ከነዚህም አንዱ አብርሃም ብራያን ነው፤ በሦስተኛው ቀን ትልቁ የደቡቦች ጥቃት የመጣው በእርሱ እርሻ በኩል ነው። ተመልሶ ቢመጣ ቤቱ በጥይት ተበሳስቶ፣ እህሉና አጥሩ ጠፍቶ አገኘው። 1,028 ዶላር ካሣ ቢጠይቅ 15 ዶላር ተሰጠው።

ቤዝል ቢግስ የሚባል ሌላ ጥቁር ገበሬ ደግሞ ሠራተኞች ቀጥሮ በየሜዳው በጥልቀት ሳይቀበሩ የቀሩትን የአንድነቱን ወታደሮች ሬሳ እያወጣ ወደ አዲሱ መቃብር እንዲወሰድ አደረገ። በዚያ መቃብር ከ3,500 የሚበልጡ ወታደሮች ዐርፈዋል፤ ብዙዎቹ ስም የላቸውም፤ በላያቸው ያለው ቍጥር የተቀረጸበት ትንሽ እብነ በረድ ብቻ ነው። ፕሬዚዴንት ሊንከን በኖቬምበር 19 ቀን 1863 ዓ.ም. ከ300 ቃላት የማይበልጠውን ንግግሩን ያደረገው በዚሁ መቃብር ምረቃ ላይ ነው። ከእርሱ በፊት የተናገረው ኤድዋርድ ኤቨሬት ሁለት ሰዓት ያህል ፈጅቶ ነበር። የብራያንና የቢግስ ታሪክ ግን በሐውልቶቹ መካከል ለብዙ ዘመን እምብዛም አይነሣም ነበር።

አሁን ደግሞ ስለ ዓመቱ ጉባኤ። በሜይ ወር የመጨረሻ ሰኞ ቀን የሙታን መታሰቢያ ሲከበር የትምህርት ቤት ልጆች በመቃብሮቹ ላይ አበባ ያኖራሉ። ከጁላይ 1 እስከ 3 ቀን የውጊያው መታሰቢያ ስለ ሆነ አስጐብኚዎቹ ከሌላው ጊዜ ሁሉ ይልቅ ሥራ ይበዛባቸዋል፤ በነዚያ ቀኖች ያለ ቀጠሮ የሚሄድ እንግዳ አስጐብኚ ሳያገኝ ሊመለስ ይችላል። በኖቬምበር 19 ቀን በመቃብሩ ስፍራ የሊንከን ንግግር መታሰቢያ ይደረጋል፤ በዚያው ሰሞን በሚውለው ቅዳሜ ሌሊት በየመቃብሩ ላይ መብራት ይበራል። በውጊያው ሁለተኛ ቀን ብዙ ደም የፈሰሰበት ሊትል ራውንድ ቶፕ የሚባለው ኮረብታ በ2022 ዓ.ም. ለጥገና ተዘግቶ ነበር፤ በጁን 2024 ዓ.ም. ተከፍቷል።

ከማኅበረ ምእመናን ተሰብስቦ በአውቶቡስ ለመሄድ የሚያስብ ቢኖር አስቀድሞ ለአስጐብኚ ይጻፍ፤ አስጐብኚው በአውቶቡሱ ገብቶ ለሁሉም ያስረዳልና። የአብርሃም ብራያን ቤት እስከ ዛሬ ቆሞ በመንገዱ ዳር ይታያል። የቤዝል ቢግስ መቃብር ግን እርሱ ሬሳ ባስመጣበት በብሔራዊው መቃብር ውስጥ አይገኝም፤ ጥቁሮች በሚቀበሩበት በከተማው በሌላ ወገን ባለው በሊንከን መቃብር ነው። ሊያየው የሚወድ አስጐብኚውን ከመነሣቱ በፊት ይጠይቅ።