በሥራ ውል እንግሊዝኛ ላይ ስለሚነሡ ሦስት ጥያቄዎች
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በምሥራቅ አዲስ አበባ በየካ አባዶ እንደሚታዩት ያሉ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ሲሠሩ፣ ግንበኛውና ፎርማኑ የሚግባቡት በአማርኛ ነው፤ ሥራውን የሚገዛው ዝርዝር መግለጫ ግን በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ይጻፋል። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ስታንዳርድም የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነበር። ስለዚህም በመሐንዲሱ ዘንድ የሰዋስው ጥያቄ የገንዘብና የደኅንነት ጥያቄ ይሆናል።

የመጀመሪያው ጥያቄ የ«ሻል» እና የ«ሹድ» ልዩነት ነው። በትምህርት ቤት «ሻል» ለአንደኛ መደብ፣ «ዊል» ለሌሎቹ ነው ተብሎ ይነገራል። በውል ቋንቋ ግን «ሻል» ለማንኛውም መደብ ግዴታን ያመለክታል። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅትም በአጻጻፍ ደንቡ «ሻል»ን ለግዴታ፣ «ሹድ»ን ለምክር፣ «ሜይ»ን ለፈቃድ መድቧል። ስሕተቱ በአመዛኙ የሚመነጨው «ይገባል» ከሚለው ቃል ነው፤ በአማርኛ ግዴታን የሚያሰማው ይህ ቃል ወደ እንግሊዝኛ ሲዛወር «ሹድ» ይሆንና፣ ተቋራጩ «ምክር እንጂ ትእዛዝ አልተሰጠኝም» ብሎ እንዲከራከር በር ይከፍታል።

ሁለተኛው «እስከ» የሚለውን ይመለከታል። «ሪፖርቱ እስከ ዓርብ ይቅረብ»፣ «አርማታው እስከ ዓርብ ውኃ ይጠጣ» ሲባል አማርኛ በአንድ ቃል ይጠቀማል። እንግሊዝኛ ግን ለመጀመሪያው «ባይ»፣ ለሁለተኛው «አንቲል» ይላል፤ ያኛው ቀነ ገደብ ሲሆን ይህኛው ሳይቋረጥ የሚዘልቅ ሥራ ነው። ለአርማታው «ባይ» ተብሎ ከተጻፈ፣ ከዓርብ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ያጠጣ ተቋራጭ ቃሉን ፈጽሜአለሁ ሊል ይችላል። አርማታው ግን ርጥበቱን ቶሎ ካጣ ሲሚንቶው ከውኃው ጋር የሚያደርገው ውሕደት ይጓደላል፤ ጥንካሬው ይቀንሳል፤ ገጹም ለስንጥቅ ይጋለጣል።

በሦስተኛው ጥያቄ አማርኛው ጠርቶ እንግሊዝኛው ይደበዝዛል። «ላይጀምር ይችላል» እና «ሊጀምር አይችልም» በአማርኛ ከቶ አይምታቱም፤ በእንግሊዝኛ ግን «ሜይ ኖት» ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። ክልከላ ሲፈለግ «ሻል ኖት» ብሎ መጻፍ ይህን ጥርጣሬ ያስቀራል።

እንግዲህ ደብዳቤ የሚፈርም መሐንዲስ ሐሳቡን አስቀድሞ ለፎርማኑ እንደሚነግር አድርጎ በአማርኛ ያውጣው። ግዴታ ነው ወይስ ምክር? ቀነ ገደብ ነው ወይስ ቆይታ? ክልከላ ነው ወይስ ግምት? መልሱን ካገኘ በኋላ ትክክለኛውን የእንግሊዝኛ ቃል መምረጥ አይከብደውም፤ በሕንፃው ውስጥ የሚኖረውም ቤተ ሰብ የጥንቃቄው ተጠቃሚ ይሆናል።