አንድ ቀን በሃርፐርስ ፌሪ



ጥንታዊ መንደር ለማየት የሚሄድ መንገደኛ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የቤቶቹን ማማር አድንቆ፥ ምሳውን በልቶና ፎቶግራፍ አንሥቶ ይመለሳል። ሁለተኛው ግን፤ ይህን ግንብ የሠራው ማን ነው? በድንጋዩ ላይ ይህን ቃል ያስቀረጸውስ ማን ነው? ስሙ ሳይጻፍ የቀረ ሰው ይኖር ይሆን? እያለ ይጠይቃል። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ስለ ሁለተኛው መንገደኛ ነው። ለምሳሌ የማቀርብላችሁም በአሜሪካ አገር በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት የምትገኘውን፥ ሃርፐርስ ፌሪ የተባለችውን ትንሽ መንደር ነው።

መንደሪቱ ከዋሽንግተን ከተማ የምትርቀው መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፥ በዚያ አካባቢ ለሚኖሩት ብዙ ኢትዮጵያውያን ጧት ሄዶ ማታ ለመመለስ የተመቸች ናት። በ2020 በተደረገው ቆጠራ የነዋሪዎችዋ ቁጥር ሦስት መቶ እንኳ አልሞላም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

እንግዲህ ጧት ከደረሳችሁ በመጀመሪያ ወደ ታችኛው መንደር ውረዱና ፖቶማክና ሸናንዶዋ የተባሉት ሁለት ወንዞች ከሚገናኙበት ጫፍ ላይ ቁሙ። ከዚያ ሆኖ የሚመለከት ሰው ሦስት ግዛቶችን ባንድ ጊዜ ያያል፤ እነርሱም ዌስት ቨርጂኒያ፥ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ናቸው። የመንደሪቱም ስም የመጣው ከዚሁ ውሃ ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት ሮበርት ሃርፐር የተባለ ሰው መንገደኞችን በጀልባ ያሻግር ስለ ነበር፥ ቦታው የሃርፐር መሻገሪያ ተባለ።

ከዚያ ከዓለቱ የተጠረበውን ደረጃ ይዛችሁ፥ በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በኩል ወደ ላይ ውጡ። ጥቂት እንደ ሄዳችሁ ጄፈርሰን ዓለት የሚባለውን ታገኛላችሁ። ቶማስ ጄፈርሰን በ1783 ከዚህ ላይ ቆሞ የወንዞቹን መገናኛ ከተመለከተ በኋላ፥ የቦታውን ውበት በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ እጅግ አድርጎ አመስግኖታል። ነገር ግን የአሜሪካንን የነጻነት መግለጫ ያረቀቀው ይህ ሰው፥ በዕድሜው ዘመን ሁሉ ከ600 የሚበልጡ ሰዎችን በባርነት የያዘ ጌታ ነበር። እንግዲህ ጥያቄው ከዚሁ ከዓለቱ ላይ ይጀምራል።

ከጆርጅ ዋሽንግተን በመጣ አሳብ፥ መንግሥት በ1799 በዚህች መንደር የጠመንጃ ፋብሪካ ማሠራት ጀመረ። ፋብሪካው እስከ 1861 ድረስ ከ600,000 የሚበልጥ የጦር መሣሪያ አውጥቷል። ጆን ብራውን ወደዚህ የመጣውም ይህን መሣሪያ ይዞ ለባሮች ለማደልና እነርሱን ነጻ ለማውጣት ነበር። ጥቅምት 16 ቀን 1859፥ እሑድ ሌሊት፥ ዘመቻውን ጀመረ። ተከታዮቹ 21 ሲሆኑ፥ 16ቱ ነጮች፥ 5ቱ ጥቁሮች ነበሩ።

ከአምስቱ አንዱ ዴንጀርፊልድ ኒውቢ ይባላል። እርሱ ነጻ ቢወጣም፥ ሚስቱ ሃሪየትና ልጆቹ ግን በቨርጂኒያ በባርነት ቀርተው ነበር። ሚስቱም ለሌላ ሰው ሳትሸጥ መጥቶ እንዲያስለቅቃት የምትለምንበት ደብዳቤ ትጽፍለት ነበር። ደብዳቤዎችዋ እስከ ዛሬ ይነበባሉ። ኒውቢ ግን ከብራውን ሰዎች ሁሉ ቀድሞ ሞተ እንጂ ወደ እርስዋ አልደረሰም።

ብራውንና የቀሩት ሰዎቹ የእሳት ማጥፊያ መሣሪያ ከሚቀመጥበት የጡብ ቤት ገብተው ተዋጉ። በኮሎኔል ሮበርት ሊ የሚታዘዙ ወታደሮች ጥቅምት 18 ቀን በሩን ሰብረው ያዙአቸው። ብራውንም ታኅሣሥ 2 ቀን በአቅራቢያው ባለችው በቻርልስ ታውን ተሰቀለ። ከዚህ በኋላ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ የአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ተነሣ፤ ፋብሪካው ተቃጠለ፥ መንደሪቱም ስምንት ጊዜ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው እጅ ተዛወረች። ትንሹ የጡብ ቤት ግን ለ1893 ትርኢት እስከ ቺካጎ ድረስ ተወስዶ ከተመለሰ በኋላ፥ በ1968 ከጥንቱ ስፍራ አጠገብ ተተክሎ ይታያል።

አሁን ከዚህ ቤት ብዙ ሳትርቁ አንድ ድንጋይ ፈልጉ። ብራውን በዘመተበት ሌሊት በመጀመሪያ የተገደለው ሃይዋርድ ሼፐርድ የተባለ፥ በባቡር ጣቢያው በዕቃ ተሸካሚነት የሚሠራ ነጻ ጥቁር ሰው ነበር። ነጻነትን ለማምጣት የተነሣው ጦር አስቀድሞ የገደለው ነጻውን ጥቁር መሆኑ፥ ብራውንን የሚያመሰግን ሰው ሁሉ ሊያስበው የሚገባ ከባድ ነገር ነው። በ1931 ግን የደቡብን ጦር መታሰቢያ የሚጠብቁ ማኅበሮች ለሼፐርድ ሐውልት አቆሙ፤ በጽሑፉም ለጌቶቻቸው ታማኝ ሆነው የኖሩትን ጥቁሮች አመሰገኑበት። ሼፐርድ በሥራው ላይ ሳለ ሞተ እንጂ ለባርነት ሊመሰክር አልሞተም። ሙት መልስ ስለማይሰጥ ግን ሌሎች ሰዎች የራሳቸውን አሳብ በስሙ ጻፉበት።

ከምሳ በኋላ ወደ ኮረብታው ውጡ። በዚያ በ1867 ለነጻ ወጪዎች የተከፈተውና በ1955 የተዘጋው የስቶረር ኮሌጅ ቤቶች ቆመዋል። ራሱ ከባርነት አምልጦ የወጣው ታላቁ ተናጋሪ ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1881 በዚህ ስለ ጆን ብራውን ንግግር አድርጓል። በነሐሴ 1906 ደግሞ እነ ደብልዩ. ኢ. ቢ. ዱቦይስ፥ የጥቁሮችን የዜግነት መብት ለመጠየቅ በኮሌጁ ተሰበሰቡ። አንድ ቀን በማለዳ፥ የጡብ ቤቱ በዚያን ጊዜ ወደ ቆመበት እርሻ በሰልፍ ሲሄዱ፥ ቦታውን እንደ ቅዱስ ምድር ቆጥረው ጫማቸውን አወለቁ። ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ጫማውን አውልቆ ለሚገባ ኢትዮጵያዊ የዚህን ነገር ትርጉም ማስረዳት አያስፈልግም።

ዱቦይስ በ1932 ስለ ብራውን የጻፈውን ቃል የያዘ የነሐስ ጽላት፥ የጥቁሮችን መብት የሚያስከብረው ማኅበር ወደ ኮሌጁ አመጣ። የኮሌጁ አስተዳደር ግን ቃሉ ከረረ ብሎ አልተቀበለም። ጽላቱ በኮረብታው ላይ የቆመው በ2006፥ ከ74 ዓመት በኋላ ነው። አንደኛው ድንጋይ ቦታ ሲያገኝ ሁለተኛው ይህን ያህል ዘመን መጠበቁን አስተውሉ። በአንድ ዘመን ሐውልት የሚያቆም፥ በዚያ ዘመን ሥልጣን ወይም ገንዘብ ያለው ሰው ነውና።

እንግዲህ አድማጮቼ፥ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ብትሄዱ በወንዙ ዳር ይጫወቱ፥ በተራራውም ጎዳና ይሂዱ፤ ውበት በራሱ ኃጢአት የለበትም። ከመመለሳችሁ በፊት ግን ሁለቱንም ጽሑፎች አንብባችሁ፥ የትኛው እውነት እንደሚናገርና ለምን እንደዚያ እንደ ተጻፈ ጠይቋቸው። በአንዲት ትንሽ መንደር ይህን መጠየቅ የለመደ ልጅ፥ በማናቸውም አገር፥ በገዛ አገሩም ቢሆን፥ ሐውልት ባየ ጊዜ ዝም ብሎ አያልፍም። ሃሪየት ኒውቢ በድንጋይ ላይ ቃል የማስቀረጽ ሥልጣን አልነበራትም፤ ያላት ወረቀት ብቻ ነበር። የእርስዋንም ቃል ፈልጎ ማንበብ የመንገደኛው ፈንታ ነው።