መጠበቅ፦ የዋልያዎቹ 31 ዓመትና የደጋፊው ደስታ

(በመሐል ሜዳ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



ስለ እግር ኳስ ለመነጋገር ይህን ያህል ሰው ብርዱን ችሎ ስለ ተሰበሰበ በቅድሚያ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ርእሰ ጉዳያችን ጨዋታ ይሁን እንጂ ጥያቄው የጨዋታ አይደለም። ሜዳ ያልገባ፣ ኳስ ያልነካ፣ ከድሉም አንዲት ሳንቲም የማያገኝ ሰው፣ ሌሎች ስላሸነፉ ለምን ያለቅሳል? ደግሞስ አብዝቶ የተሸነፈ ቡድን አንድ ቀን ደጁ ሲከፈትለት የሚሰጠው ደስታ፣ ዘወትር የሚያሸንፈው ከሚሰጠው ለምን ይልቃል? ዛሬ ይህን በዋልያዎቹ ታሪክ እንመረምራለን።

ጨዋታ ለዚህ ሀገር እንግዳ አይደለም። በደጋው ሁሉ በልደት በዓል ጊዜ ወንዶች ዱላቸውን ይዘው ሜዳ ይወርዳሉ፤ ሩሯ ትመታለች፤ በዚያች ቀን ጌታው በሎሌው፣ ሹሙም በገበሬው ቢሸነፍ ቅር አይለውም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለው ብሂል ታላቅ የማኅበረሰብ ሕግ ነው። ጨዋታ ማዕረግን ለጥቂት ሰዓት የሚያነሣ ሥርዓት መሆኑን ይነግረናል። ታናሽ ታላቁን ሲረታ የምናገኘው ደስታ ሥሩ እዚህ ላይ ነው። ዓለም ሁልጊዜ ለኃያሉ እንደማትፈርድ በዓይናችን እናያለን።

ነገር ግን ኢትዮጵያ በአፍሪካ እግር ኳስ መጀመሪያ ታናሽ አልነበረችም። በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር መሥራች ነበረች። በዚያው ዓመት ካርቱም ላይ በተደረገው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ተሳትፋለች። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በይድነቃቸው ተሰማ አሠልጣኝነት፣ በሉቺያኖ ቫሳሎ አምበልነት ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን አነሣች። ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የአህጉሩን ኮንፌዴሬሽን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። ሀገራችን ውድድሩን በ1960 እና በ1968 ዓ.ም. ደግማ አስተናግዳለች።

ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱ መጣ። በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ ከተደረገው ዋንጫ በኋላ በሩ ተዘጋ። በዚያ ዓመት የተወለደ ሕፃን አድጎ፣ ተምሮ፣ አግብቶ ልጅ ወልዶ፣ የሀገሩን ቡድን በአፍሪካ ዋንጫ አንድም ጊዜ ሳያይ 31 ዓመት ሞላው። ይህ ትውልድ የድሉን ዘመን የሚያውቀው ከአባቱ አንደበት ብቻ ነበር። ውርስ መሬት ብቻ አይደለም፤ ናፍቆትም ይወረሳል። አባት ያየውን ልጅ ሳያየው ይናፍቀዋል፤ የናፈቀውንም ሲያገኝ ለራሱ ብቻ ሳይሆን ላላዩት ጭምር ይደሰታል።

አሁን በሩ እንዴት እንደ ተከፈተ እንመልከት። ብዙ ሰው «ተአምር» ይለዋል፤ ቁጥሩን ስንመረምር ግን ከተአምር የበለጠ ትምህርት እናገኝበታለን። የአፍሪካ ዋንጫ ከዓለም ዋንጫ ጋር በአንድ ዓመት እንዳይውል ወደ ጎዶሎ የአውሮፓ ዓመታት በመዛወሩ፣ ለ2005ቱ ውድድር የነበረው ጊዜ አጭር ሆነ። ስለዚህ ማጣሪያው በምድብ ሳይሆን በደርሶ መልስ ጥሎ ማለፍ ተደረገ። በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድናችን መጀመሪያ ከቤኒን ጋር ተገናኘ፤ አዲስ አበባ ላይ 0 ለ 0፣ በባዕድ ሜዳ 1 ለ 1 ተለያየ። ከሜዳ ውጭ የተቆጠረች ግብ በእኩል ድምር ጊዜ ትበልጣለችና አለፈ።

ቀጥሎ ሱዳን መጣች። በጳጉሜን 2004 ዓ.ም. ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸነፍን። በዚያች ምሽት አምስቱን እንጂ ሦስቱን ማን ቆጠራቸው? ለተሸናፊ የተጣለ ማጽናኛ ይመስሉ ነበር። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ በአዲስ አበባ ስታዲየም አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰዒድ አንድ አንድ ግብ አስቆጠሩ። 2 ለ 0። ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ፤ እነዚያ በሽንፈት ቀን የተቆጠሩት ሦስት ግቦችም ሚዛኑን ደፉት። ከ31 ዓመት በኋላ በሩ ተከፈተ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። በእነዚያ አራት ጨዋታዎች ኢትዮጵያ ያሸነፈችው አንዱን ብቻ ነው። ሁለቱን አቻ ወጥታ አንዱን ተሸንፋለች። ያሳለፋት የተሸነፈችበት ቀን ሥራ ነው። ጨዋታው እጁን ካመለጠው በኋላ «ከእንግዲህ ምን ዋጋ አለው» ብሎ ሩጫውን ያላቆመ ተጫዋች፣ የዚያን ቀን ላልታወቀ ሌላ ቀን ስንቅ አስቀመጠ። ለተማሪዎቼ ከዚህ የተሻለ የማበረታቻ ምሳሌ የለኝም።

ስለ ደቡብ አፍሪካው ውድድር ደግሞ አንድ የሚደንቅ መገጣጠም አለ። ዋልያዎቹ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሱበት ቀን ጥር 13 ነው፤ ዋንጫው አዲስ አበባ ላይ ከተነሣ ልክ 51 ዓመት፣ በዚያው ዕለት። ተጋጣሚያቸው የወቅቱ የዋንጫ ባለቤት ዛምቢያ ነበረች። ሳላዲን የመታው ፍጹም ቅጣት ምት ተመለሰ። ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። ግብ ተቆጠረብን። ያም ሆኖ በአሥር ሰው የቀረው ቡድን በአዳነ ግርማ ግብ 1 ለ 1 ወጣ። ኑሮ ደቡብ አፍሪካ ያደረሳቸው ወገኖቻችን ከየከተማው ተጉዘው ስታዲየሙን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ አለበሱት። ከሱቅ ባንኮኒ ጀርባ ውሎ የሚያድር ስደተኛ፣ ያን ቀን በሰው ሀገር የራሱን ባንዲራ ከፍ አድርጎ መያዝ ምን ማለት እንደ ሆነለት እርሱ ያውቃል።

ከዚያ በኋላ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸነፍን። በአንድ ነጥብ፣ በአንድ ግብ፣ ከምድቡ መጨረሻ ሆነን ተመለስን። ቀዝቃዛ ሒሳብ ብቻ ብናይ ይህ ውድቀት ነው። ምድቡን ስናስታውስ ግን የቀድሞው ሻምፒዮን ከነበረችው ዛምቢያ ሌላ፣ ያሸነፉን ሁለቱ ቡድኖች በዚያው ውድድር ለፍጻሜ የደረሱት ናይጄሪያና ቡርኪና ፋሶ መሆናቸውን እናያለን። ደጋፊውም ሒሳቡን አላጣውም፤ ነገር ግን ደስታውን በሌላ መስፈሪያ ሰፈረው። የጠፋ ዘመድ ከ31 ዓመት በኋላ ደጅ ሲያንኳኳ፣ ምን ይዘህ መጣህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። መምጣቱ ራሱ በቂ ነው። ያን ጊዜ የተጣጣመው በማዕዱ ላይ መገኘት ነበር።

እንግዲህ ወደ ዋናው ሐሳቤ ልግባ። አማርኛችን «መጠበቅ» ለሚለው ቃል ሁለት ፍቺ ይሰጠዋል። የሚመጣን ነገር መጠበቅ አለ፤ ያለን ነገር መጠበቅ አለ። አንዱ ተስፋ ነው፤ ሌላው ዘብ ነው። ይህን የሁለቱን አንድነት ከመንዝ ሕዝብ የተሻለ የሚያውቀው የለም። አባቶቻችሁ የጓሳን ሣር በቀሮ ሥርዓት ለዘመናት ይዘውታል። ቦታው ለዓመታት ይዘጋል፤ ማንም አያግጥበትም፣ ማንም አያጭድበትም፤ ሣሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል፤ ሁሉም በሥርዓት ይጠቀማል። ሣሩ እስኪደርስ የጠበቁት ሰዎች፣ ሣሩን ከሰባሪ የጠበቁትም እነርሱው ናቸው። ያለ ዘብ ቢጠብቁ ኖሮ በሚከፈተው ቀን የሚያገኙት ባዶ መሬት ነበር።

የእግር ኳሳችን ጥበቃ ከየትኛው ወገን ነበር? መልሱ ብዙ ሳይቆይ ታየ። በዚያው 2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ምድባቸውን ይመሩ ነበር። ሰኔ 9 ቀን አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ሲያሸንፉ ሀገሩ በጭፈራ ተናወጠ። በዚያው ዕለት ግን ፊፋ፣ ከሳምንት በፊት ከቦትስዋና ጋር በተደረገው ጨዋታ በቢጫ ካርድ የታገደ ተጫዋች ተሰልፏል በሚል ምርመራ መክፈቱን አስታወቀ። ሦስት ነጥብም ተቀነሰ። ተጫዋቾቹ በላባቸው ያገኙትን የወሰደው የባላጋራ ጉልበት ሳይሆን የካርድ መዝገብ ነው። ቡድኑ ጳጉሜን 2 ቀን ብራዛቪል ላይ የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን 2 ለ 1 አሸንፎ ምድቡን በአንደኛነት አጠናቀቀ፤ ከአፍሪካ የመጨረሻ አሥር ቡድኖች አንዱም ሆነ። ከዓለም ዋንጫው ደጃፍ ላይ ናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ ደግሞ 2 ለ 0 አሸንፋ መለሰችን።

ይህን የማነሣው ደስታውን ለማኮሰስ አይደለም። ደስታውን በእውነት ያጣጣመ ደጋፊ፣ መዝገቡ በሥርዓት እንዲያዝ የመጠየቅ መብትም ግዴታም እንዳለበት ለማሳየት ነው። ሚሊዮኖች 31 ዓመት ለጠበቁት ነገር፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ካርድ ቢቆጥርለት አይበዛበትም። እልልታና ሒሳብ ጠላቶች አይደሉም፤ በጓሳ አብረው ኖረዋልና።

ዋልያዎቹ በ2014 ዓ.ም. ወደ ካሜሩን በመጓዝ ደግመው ተሳትፈዋል፤ ያኔም በአንድ ነጥብ ተመልሰዋል። በዚያው ዓመት ሰኔ 2 ቀን ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፉ። ታላቅ ድል ነበር፤ ነገር ግን ጨዋታው «በሜዳችን» ቢባልም የተደረገው ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ላይ ነው። የሀገራችን ስታዲየሞች የአህጉሩን መስፈርት ስላላሟሉ ቡድኑ በሰው ሜዳ ባለቤት ሆኖ ተጫወተ። በጥቅምት 4 የተላቀሰው፣ የማያውቀውን ሰው አንገት አቅፎ የዘለለው ደጋፊ፣ ይህን ድል ከቤቱ በመስኮት አየው። ደስታ ቦታ ይፈልጋል። ጎን ለጎን የሚያቆም ደረጃ፣ አብሮ የሚጮህበት አየር ይፈልጋል። ሜዳ ያጣ ሕዝብ ድል እንኳ ቢያገኝ ለብቻው ይበላዋል።

ወጣቶች ሆይ፤ ቅዳሜና እሑድ በየዲኤስቲቪ ቤቱ ስለ አርሰናልና ስለ ማንቸስተር ዩናይትድ ስትከራከሩ እሰማለሁ። ክርክሩ ያማረ ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን ልዩነቱን አስተውሉ። የእንግሊዙን ክለብ መርጣችሁታል፤ የመረጠ ሰው መተው ይችላል። የሀገሩን ቡድን፣ የወረዳውን ቡድን፣ የትምህርት ቤቱን ቡድን ግን ማንም አይመርጥም፤ አብሮት ይወለዳል፣ አብሮት ያድጋል። ሲሸነፍ የሚያሳፍራችሁ የእናንተ ስለ ሆነ ነው። ያ ኀፍረት የደስታው ቀብድ ነው። ቀብዱን ያልከፈለ፣ የጥቅምት 4ን ዓይነት ቀን አይቶ ያጨበጭብ ይሆናል፤ አያለቅስም።

ስለዚህ በመጨረሻ የምጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። የዚህች ከተማ ልጆች ሜዳ ሲወርዱ ዳር ቁሙላቸው። ሲሸነፉ አትበተኑ፤ በሽንፈት ቀን የምትቆጠር ግብ ምን እንደምትሠራ አይተናልና። ሜዳቸው እንዳይታረስና እንዳይታጠር ጠብቁላቸው፤ የቡድኑ መዝገብና ገንዘብ በማን እጅ እንዳለ ጠይቁ። ይህን ካደረጋችሁ ጥበቃችሁ የጓሳው ዓይነት ይሆናል፤ ሲከፈትም ሣሩ ቆሞ ታገኙታላችሁ።