የእቁብ ዳኛው የገንዘብ ትምህርት

እሷ፦ አድማጮቻችን፣ ዛሬ መርካቶ ነን፤ ስለ እቁብ ዳኛ እናወራለን። ባንክ ቤት ሳይሠራ የስንቱን ሱቅ ካፒታል የሚያዞር ሰው ነው።

እሱ፦ ቆይ እህቴ፣ ከባንክ ሰው ጋር ልታስተካክይው ነው?

እሷ፦ አዎ! ደርግ በ1967 ዓ.ም. የግል ባንኮችን ወረሰ፤ የግል ባንክን እስከፈቀደው የ1986 ዓ.ም. አዋጅ ድረስ የግል ባንክ አልነበረም። እቁቡ ግን አልቆመም።

እሱ፦ እሱስ ልክ ነሽ። ዳኛው ግን ምን ያውቃል?

እሷ፦ ሰው ያውቃል! ዕጣው ሲወጣልህ ዋስ ካልጠራህ ብሩን አያስረክብህም። ዋሱ ደግሞ ገና ዕጣ ያልደረሰው አባል ቢሆን ይመርጣል።

እሱ፦ ገባኝ፤ እኔ ብቀር የእሱ ዕጣ ይያዛል።

እሷ፦ ይኸውልህ! የብድር ስጋትን እዚያው ሱቅ በር ላይ ነው የተማረው።

እሱ፦ እኔን የሚያሳስበኝ የዋጋ ንረት ነው። መጨረሻ የደረሰው ያንኑ ብር ይወስዳል፤ የሚገዛለት ዕቃ ግን ያንሳል።

እሷ፦ እውነት ነው። ለዚህም ይመስለኛል ዕጣ የሚሸጠው፤ የቸኮለው ለደረሰው ሰው ትርፍ ከፍሎ ተራውን ይወስዳል።

እሱ፦ ይሄማ ወለድ ነው!

እሷ፦ ነው እንጂ። ስለዚህ ወደ ገንዘብ ሥራ መግባት የሚፈልግ ወጣት መጀመሪያ የትንሽ እቁብ ጸሐፊ ይሁን እላለሁ። ማን ዘገየ፣ ለምን ዘገየ፣ ይመዝግብ።

እሱ፦ ማታ ማታ ደግሞ የሂሳብ አያያዝ ይማር።

እሷ፦ ይማር፤ በዚህስ አልከራከርህም።