ማናጓ ውስጥ የተወለደ ቋንቋ

ሙሉጌታ፦ ባህል ቋንቋን ይቀርጻል ወይስ ቋንቋ ባህልን? አዜብ የኒካራጓን ታሪክ ይዛልን መጥታለች።

አዜብ፦ አመሰግናለሁ ሙሌ። በ1977 እ.ኤ.አ. በዋና ከተማዋ ማናጓ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ቤት ተከፈተ። መስማት የተሳናቸው ልጆች እስከዚያ ድረስ የሚግባቡት ቤተሰባቸው ብቻ በሚረዳው የእጅ ምልክት ነበር።

ሙሉጌታ፦ መምህራኑስ?

አዜብ፦ ስፓኒሽን ከከንፈር እንቅስቃሴ እንዲያነቡ ጣሩ፤ ብዙም አልተሳካም። ልጆቹ ግን በጨዋታ ሜዳና በአውቶቡስ ውስጥ የየቤታቸውን ምልክት ሲለዋወጡ አዲስ ቋንቋ ፈጠሩ። ኋላ የመጡት ታናናሾች ሰዋስዉን አበለጸጉት።

ሙሉጌታ፦ አብሮ መዋል ቋንቋ ወለደ ማለት ነው። ቋንቋውስ በፈንታው ምን ሰጣቸው?

አዜብ፦ ተመራማሪዎች በሥዕል ጠየቋቸው፦ አንድ ልጅ መጫወቻውን አልጋ ሥር ትቶ ወጣ፤ ወንድሙ ሌላ ቦታ ደበቀው። ልጁ ሲመለስ የት ይፈልገዋል? «ያስባል»፣ «ያውቃል» የሚሉትን ምልክቶች እምብዛም የማይጠቀሙት ቀድመው የገቡት ታላላቆች፣ ልጁ የሚያስበውን ለመረዳት ተቸገሩ፤ ታናናሾቹ በለጧቸው። ከዓመታት በኋላ ታላላቆቹም ምልክቶቹን ሲያዳብሩ ውጤታቸው ተሻሻለ።

ሙሉጌታ፦ እንግዲያው መስማት የተሳነውን ልጅ ቤት ማስቀረት፣ የሰውን ልብ የሚረዳበትን መንገድ መዝጋት ነው።

አዜብ፦ ስለዚህ ወላጆች፣ ልጆቻችሁን ከእኩዮቻቸው ጋር አገናኙ፤ እናንተም የምልክት ቋንቋ ተማሩ።