ስንት ነን? የዕድር መዝገባችንና የአገራችን ሕዝብ ቁጥር
(በዕድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር)



የዓመቱን ሒሳብ ገንዘብ ያዣችን አሰምተዋችኋል። እኔ ደግሞ ስለ ሰው ቁጥር ጥቂት ቃል እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ አመሰግናለሁ።

አገራችን ሕዝቧን በአገር አቀፍ ደረጃ የቆጠረችው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። በ1976 ዓ.ም. ኤርትራን ጨምሮ ወደ 42 ሚሊዮን ተኩል፣ በ1987 ዓ.ም. ከ53 ሚሊዮን በላይ፣ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ 74 ሚሊዮን ያህል ሆነን ተገኘን። በመጨረሻው ቆጠራ የእኛው ምዕራብ ሐረርጌ ብቻውን ወደ 1 ሚሊዮን 870 ሺህ ሰው ነበረው። አራተኛው ቆጠራ ለ2010 ዓ.ም. ታስቦ ተላለፈ፤ በ2011 ዓ.ም. እንደገና ተራዘመ፤ ከዚያ ወዲህ አልተቆጠርንም። በ1999 የተወለደ ልጅ እኮ ዛሬ ራሱ መዋጮ ለመክፈል ደርሷል!

ስለዚህ አሁን የምንኖረው በግምት ነው። ለ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአገራችን የስታትስቲክስ መሥሪያ ቤት 107 ሚሊዮን ገደማ ሲገምት፣ የተባበሩት መንግሥታት ከ126 ሚሊዮን በላይ ብሏል። በመካከሉ ያለው ልዩነት ወደ 20 ሚሊዮን ይጠጋል። ባቡሩ የሚወርድባት ጅቡቲ እንኳ ጠቅላላ ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን ገደማ ነው።

ይህ ለመቻራ ምኗ ነው የሚል ይኖራል። በጀት፣ መድኃኒትና የተማሪ መጽሐፍ የሚደለደለው በዚሁ ግምት ነውና ነገሩ የእኛም ነው።

ደግሞም ቁጥር የሚጎድለው አዲስ አበባ ላይ ብቻ አይደለም። አንዱን አባት ዕድሜያቸውን ስጠይቅ «በዚያድ ባሬ ጦርነት ጊዜ እረኛ ነበርኩ» አሉኝ። እሳቸው እንኳ ይሻላሉ፤ ጦርነቱ በ1969 እና 1970 ዓ.ም. ስለ ነበረ አስልቼ ጻፍኩ። የሌሎቻችን ዕድሜ ግን ሁልጊዜ ወይ 60 ነው ወይ 65!

ከሁሉ የከበደኝ የሕፃናቱ ነገር ነው። ባለፈው ሳምንት መዝገባችንን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አገላበጥሁት። አባወራው አለ፣ እማወራዋ አለች፣ አማትና አማች አሉ። ዓመት ያልሞላው ሟች ግን አንድም የለም። ሳይሞት ቀርቶ ነው? እኔ ራሴ የመጀመሪያ ልጄን በተወለደ በሃያ ሦስተኛው ቀን ቀብሬአለሁ። ጡሩምባ አልተነፋም፣ ድንኳን አልተተከለም፤ ከሦስት ጎረቤቶች ጋር ሄደን ተመለስን። ልማዱ ነውና ማንንም አልወቅስም። ዛሬ ስንት ልጅ ወለዳችሁ ሲሉን እኔ አራት እላለሁ፣ ባለቤቴ አምስት ትላለች። ልክ እሷ ናት።

በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 67 ወረደ። ደስ የሚል ነው። ነገር ግን ይህ የታወቀው እንደ ባለቤቴ ያሉትን እናቶች ቤት ለቤት እየዞሩ በመጠየቅ እንጂ ከመዝገብ አይደለም። የቀሩት 67ቱ በየትኛው ሰፈር፣ በተቅማጥ ይሁን በሳምባ ምች እንደ ሞቱ ካልተጻፈ ማን ያውቃል?

በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን፣ ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ሥራውም በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ተጀምሯል። ቢሆንም ሐዘንተኛ ሰው ቀበሌ ትዝ አይለውም። እኛ ግን በሞተ በሰዓቱ እንሰማለን።

ስለዚህ በመዝገባችን ላይ የልደት፣ የሟች ዕድሜና የሞት ምክንያት ዓምድ እንዲጨመር፣ ሕፃናትም ሳይቀሩ እንዲጻፉ፣ ጸሐፊውም ቤተሰቡን ይዞ ቀበሌ እንዲሄድ አሳስባለሁ። «ለሕፃን ገንዘብ ይከፈላል ወይ?» ለሚሉት፣ እሱ የጠቅላላ ጉባኤው ሥልጣን ነው፤ እኔ የምለው ስሙ ይጻፍ ነው። ልጅ አይቆጠርም የሚሉ እናቶችም አሉ፤ እነሱን ሴቶች አባሎቻችን ቢያነጋግሩልን ይሻላል።

ጉባኤው ከተስማማ አዲሱን ዓምድ ከነገ ጀምሮ አሰምራለሁ። በመጀመሪያው መስመር ላይ የእኔን ልጅ እንድጽፈው ፈቃዳችሁን እጠይቃለሁ።